የሄሊኮፕተር አደጋ ምርመራ ሪፖርት እንዴት ይነበባል? የኢስት ሪቨሩን ይዘን እንየው

የአውሮፕላን ቴክኒሺያን ነኝ፤ የአደጋ ሪፖርት ማንበብ ከሥራም አልፎ አመል ሆኖብኛል። አዳዲስ ልጆች ሪፖርት ስሰጣቸው ቀጥታ ወደ መጨረሻው፣ «ሊሆን የሚችል መንስኤ» ወደሚለው አንቀጽ ይሮጣሉ። «አሃ፣ ገመዱ ነው ለካ!» ይሉና ይዘጉታል። ለዚያማ ዜናው ይበቃ ነበር።

ለልምምድ የምመርጠው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2018 (መጋቢት 2 ቀን 2010 ዓ.ም.) ኒው ዮርክ ኢስት ሪቨር ላይ የወደቀውን ኤኤስ350 ቢ2 ነው። አንድ ሞተር ያላት ቀላል ሄሊኮፕተር ናት። አምስት መንገደኞች በሯ በተከፈተ ሄሊኮፕተር ከተማውን ከላይ ፎቶ ሊያነሱ ከኒው ጀርሲ ተነሱ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት አለፍ ሲል ሞተሩ ጠፋ። አምስቱም ሰጥመው ሞቱ፤ ፓይለቱ ተረፈ። የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ነው፤ መደምደሚያውን ያጸደቀው በዲሴምበር 2019 ነው።

መጀመሪያ «የተረጋገጡ መረጃዎች» የሚለውን ክፍል ብቻ አንብቡ። እርሳስ ያዙና በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ይህን ከየት አወቁት የሚለውን ጻፉ፦ ከፓይለቱ ቃል፣ ከካሜራ፣ ከብረቱ ወይስ ከወረቀት? እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ሄሊኮፕተሮች ብዙ ጊዜ ጥቁር ሣጥን የላቸውም። እዚህ ግን ውስጥ የተገጠመ ካሜራ ሲቀርጽ ነበር፤ ስለዚህ የፓይለቱን ቃል ከምስሉ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ፓይለቱ ወደ ወለሉ እጁን ሲሰድ የነዳጅ መዝጊያው ሊቨር ተዘግቶ፣ የፊት መንገደኛው በተከፈተው በር እንዳይወድቅ የታሰረበት ገመድ ጫፍም ከሥሩ ገብቶ እንዳገኘው ተናግሯል። መልሶ ከፈተው፤ ሞተሩም ሊነሳ ሞከረ፤ ከፍታ ግን አልቀረም። ሴንትራል ፓርክ ሰው ስለሚበዛበት ወንዙን መረጠ።

አሁን እርሳሱን አስቀምጡና ሦስት ጥያቄ ለየብቻ ጠይቁ፤ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው ሦስቱን አንድ ላይ ሲያምታታ ነው። ሞተሩ ለምን ጠፋ? ሄሊኮፕተሩ ለምን ተገለበጠ? ሰዎቹ ለምን መውጣት አቃታቸው?

የመጀመሪያው መልስ ማሰሪያውና ሊቨሩ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ብዙ አልቆምም፤ ሞተር መጥፋቱ ማንንም አልገደለም። ፓይለቱ በኦቶሮቴሽን፣ ማለትም ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ነፋሱ ራሱ የላይኛውን ክንፍ እያሽከረከረው፣ ውሃው ላይ አሳረፋት። ሁለተኛው መልስ ተንሳፋፊ ፊኛዎቹ ናቸው፤ እጀታውን ቢስብም በግራና በቀኝ እኩል ሳይነፉ ቀሩ፤ በሰከንዶች ውስጥ ወደ ቀኝ ተንከባለለች። ሦስተኛው ሕሊናን የሚያስጨንቅ ነው። መንገደኞቹ በተከፈተው በር እንዳይወድቁ ከጀርባቸው በኩል ከሄሊኮፕተሩ ጋር ታስረው ነበር። ፓይለቱ የለበሰው የመቀመጫውን መደበኛ ቀበቶ ነው፤ ፈታውና ወጣ። እነሱ ማሰሪያ መቁረጫ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ግን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ተገልብጦ፣ ያላዩትን ገመድ ከጀርባ ፈልጎ መቁረጥ ለሰለጠነ ሰውም ከባድ ነው።

ቀጥሎ የወረቀቱ ክፍል አለ፤ አሰልቺ ነው፤ አትዝለሉት። እነዚህ በረራዎች የሚካሄዱት ለአየር ላይ ፎቶግራፍ ሥራ በተተወው ልል ደንብ ሥር ነበር። ሰዎቹ የከፈሉት ግን ለሽርሽር ነው። ማሰሪያውን ያቀረበው ድርጅትና ሄሊኮፕተሩን ያበረረው ድርጅት የተለያዩ ናቸው፤ የፓይለቶች ስጋት ደግሞ ከአደጋው በፊት ተነግሮ ነበር። ቦርዱ የደህንነት አመራሩንም የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩን ቁጥጥርም ጉድለት አለባቸው ብሏል። በእኔ አስተያየት የሪፖርቱ ክብደት ያለው እዚህ ነው፤ ሊቨሩ ላይ አይደለም።

«ጥፋተኛው ማነው?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ከገባችሁ ሪፖርቱ ያሰለቻችኋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 13 የምርመራን ዓላማ ዳግም እንዳይደርስ መከላከል ብቻ ያደርገዋል፤ ጥፋትን ማከፋፈል አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የቦርዱ ሪፖርት ለካሣ ክስ በማስረጃነት አይቀርብም። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ለብቻው ሄዶ በ2024 የኒው ዮርክ ዳኞች ለአንዱ ሟች ቤተሰብ 116 ሚሊዮን ዶላር ወስነዋል። ሁለቱን አታቀላቅሉ።

በሪፖርቱ ላይ ሌላ መርማሪ አካል የሰጠው አስተያየት ካለ አብራችሁ አንብቡ። የእኛን የኢቲ302ን (እ.ኤ.አ. በ2019 የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ) የመጨረሻ ሪፖርት ያነበበ ሁሉ፣ አሜሪካኖቹ የራሳቸውን አስተያየት ለብቻ ማውጣታቸውን ካላየ ጨረስኩ አይበል። በየትኛው እንደምትስማሙ የእናንተ ፈንታ ነው።

በመጨረሻ ምክረ ሐሳቦቹ። እዚህ ላይ አንዱ ኤኤስ350 ላይ ያለው የወለል ሊቨር ከውጭ ነገር በስህተት እንዳይነካ ዲዛይኑ እንዲቀየር ይጠይቃል። በፍጥነት የማይፈቱ ማሰሪያዎች እንዲታገዱ የቀረበው አስቸኳይ ጥሪ ግን የመጨረሻውን ሪፖርት አልጠበቀም፤ አደጋው በደረሰበት በዚያው ወር ወጥቶ አስተዳደሩም እገዳውን አወጣ። የእያንዳንዱን ቁጥር ይዛችሁ በቦርዱ ድረ ገጽ ፈልጉት፤ ክፍት ይሁን የተዘጋ፣ መልሱም ተቀባይነት ያገኘ ይሁን አይሁን ይነግራችኋል። በዚያው ያለው የሰነድ ማህደር ውስጥ የቃለ መጠይቆቹ ግልባጭና የሊቨሩ ፎቶ አለ። ቴክኒሺያን ከሆናችሁ ከፎቶው ጀምሩ።