ዶኔፔዚልና ሜማንቲን ቤት ውስጥ እንዴት ይሰጣሉ?

እስካሁን የአንጎል ሴል እንዳይሞት እንደሚያደርግ የተረጋገጠ የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ኪኒን የለም። ዶኔፔዚል አሴቲልኮሊን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ ሜማንቲን ደግሞ ግሉታሜት የተባለው ሌላ መልእክት አስተላላፊ የአንጎል ሴሎችን ከልክ በላይ እንዳይወተውት ይገታል። ሁለቱም የተረፉት ሴሎች እንዲሠሩ ያግዛሉ። «አንጎል ያድሳል» ለሚባለው ጊንኮ ለተሰኘ የዕፅዋት ተዋጽኦ ገንዘባችሁን አታውጡ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት የመርሳት በሽታን እንደማይከላከል አሳይቷል።

ሀዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ስትሄዱ አዛውንቱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አሚትሪፕቲሊን (የድብርት መድኃኒት) እና ክሎርፌኒራሚን (የአለርጂ መድኃኒት) የዶኔፔዚልን ሥራ ያፈርሳሉ። ዳይክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል፤ ከዶኔፔዚል ጋር ሲሆን አደጋው ይብሳል። አቴኖሎል (የደም ግፊት መድኃኒት) ካለ የልብ ምት አብሮ ይቀንሳል። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራም ጠይቁ፤ የእነሱ ጉድለት መርሳትን ያመጣል፣ ይታከማልም።

ዶኔፔዚል በቀን አንዴ 5 ሚሊግራም፣ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ከመኝታ በፊት ይሰጣል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከተስማማቸው ሐኪሙ ወደ 10 ያሳድገዋል። ቅዠት ካስቸገራቸው ሐኪሙን ጠይቃችሁ ወደ ጠዋት አዙሩት። ማቅለሽለሽና ተቅማጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው፤ እስኪረጋጋ መጠኑ አይጨመርም።

የልብ ምት መለካት ብዙ ቤት ይዘነጋል። ሁለት ጣት ከአውራ ጣታቸው ግርጌ አንጓ ላይ አሳርፉ፣ 30 ሴኮንድ ቁጠሩ፣ በ2 አባዙ። ከ50 በታች ከሆነ፣ ወይም ሀይቅ ዳር ሲንሸራሸሩ ከተዝለፈለፉ፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳትሰጡ ሐኪም አግኙ። በሐሩር ወራት ውሃ በቂ ካልጠጡ መዝለፍለፉ ይብሳል።

ሜማንቲን ለመካከለኛና ለከባድ ደረጃ ነው፦ በ5 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 እየተጨመረ በቀን ሁለት ጊዜ 10 ይደርሳል። ኩላሊት የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነሳል።

ኪኒኑን ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጡ፤ «አልወሰድኩም» ብለው ደግመው ይውጣሉና። ጉንጫቸው ሥር አለማስቀረታቸውን እዩ። አንድ ቀን ካለፈ አትደርቡ፤ ብዙ ቀን ከተቋረጠ ግን በነበረበት መጠን ሳይሆን ሐኪም ጠይቃችሁ ቀጥሉ። ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፋርማሲ ጠይቁ፤ የ10 ሚሊግራሙ ብቻ ከተገኘ በ5ቱ ቦታ ሙሉውን አትስጡ።