ፓይፑ ሲዘጋ፦ በጃቫ ትሬዶች መካከል ዳታ ማስተላለፍ፣ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ ጃቫ ከሚማሩ ልጆች ጋር የምንለማመድባት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች። አንዱ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) የገበያ መዝገብ ያነባል። የመንዝ ገብስ፣ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ የጅሩ ሰንጋ፣ ዋጋቸው በየመስመሩ ተጽፏል። ሌላው ትሬድ መስመሮቹን እየተቀበለ ይደምራል። በመሀል ሁለት የተያያዙ ስትሪሞች፣ ማለትም ዳታ የሚፈስባቸው መንገዶች፣ አሉ፤ ጥንዱን ፓይፕ እንለዋለን። በፓይፕድአውትፑትስትሪም የተጻፈው ባይት በፓይፕድኢንፑትስትሪም ይነበባል።

አሠራሩ ይኸው ነው። ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ምንም መልእክት አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ከምታዩት ምልክት እንነሳ።

በአምስት መስመር ይሠራል፣ በትልቅ ፋይል ድርቅ ይላል

ይህን ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሁለቱም የፓይፑ ጫፎች በአንድ ትሬድ ውስጥ መሆናቸውን ነው። ፓይፑ በውስጡ በፈር፣ ማለትም ዳታው እስኪነበብ የሚቆይበት ማስቀመጫ፣ አለው፤ መጠኑን ካልነገራችሁት 1024 ባይት ነው። በፈሩ ሲሞላ ጸሐፊው አንባቢ መጥቶ ቦታ እስኪለቅለት ይጠብቃል። አንባቢውም ጸሐፊውም አንድ ትሬድ ከሆነ ግን የሚመጣ የለም። ይህ ዴድሎክ ነው፣ የማይመጣን እየጠበቁ መቆም።

እኛ ጋ ይህ ከሌላው ቶሎ ይከሰታል። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ 1024 ባይት ማለት 341 ፊደል ብቻ ነው። ጥቂት የገበያ መስመሮች ይሞሉታል።

መፍትሄው ንባቡን ለብቻው ትሬድ መስጠት ነው። ከጃቫ 6 ጀምሮ የበፈሩን መጠን በኮንስትራክተሩ (ስትሪሙ በሚፈጠርበት ጥሪ) መወሰን ይቻላል። አንዳንዱ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ችግሩ ተፈታ ይላል። አልተፈታም፤ ትልቅ ፋይል የመጣ ቀን ተመልሶ ይቆማል። በፈር ማሳደግ ለፍጥነት ሊጠቅም ይችላል፣ ለዴድሎክ ግን መድኃኒት አይደለም።

ኦብጀክት የምታስተላልፉ ከሆነ ገና ምንም ሳይላክ ሊቆምባችሁ ይችላል። ኦብጀክትኢንፑትስትሪም ሲፈጠር ከወዲያ በኩል ሄደር፣ ማለትም የመክፈቻ ባይቶች፣ ይጠብቃል። መጀመሪያ ኦብጀክትአውትፑትስትሪሙን ፍጠሩ፣ ወዲያው ፍለሽ አድርጉት (የያዘውን ዳታ እንዲያሳልፍ ማለት ነው)፣ ከዚያ የንባቡን ፍጠሩ።

ይሠራል፣ ግን እየተንቀራፈፈ

ዳታው ይደርሳል፣ ነገር ግን አንድ ሰከንድ ገደማ እየቆየ። ኔትወርክም ዲስክም የለበትም፤ ታዲያ ምን ያዘው? አንባቢው በፈሩ ባዶ ሲሆንበት ይተኛል፣ በራሱ የሚነቃው በየ1000 ሚሊሰከንዱ ነው። ጸሐፊው ባይት ስለጻፈ ብቻ አይቀሰቅሰውም። የሚቀሰቅሰው ፍለሽ ሲደረግ ነው።

አንድ መዝገብ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ፍለሽ አድርጉ። በፓይፑ ላይ በፈርድራይተር ወይም ፕሪንትራይተር ደርባችሁ ከሆነ ፍለሹ የሚጠራው ከላይኛው ላይ ነው። የታችኛውን ብቻ ከጠራችሁ ዳታው ገና ላይኛው ውስጥ ነው ያለው። በየባይቱ ፍለሽ ማድረግ ደግሞ ፕሮግራሙን ያደክማል፤ በየመስመሩ ይበቃል።

ሁሉም ከተነበበ በኋላ «ራይት ኤንድ ዴድ» ወይም «ፓይፕ ብሮክን» ይላል

ይህ ሰውን ግራ ያጋባል፣ ምክንያቱም ዳታው ሙሉ በሙሉ ደርሷል። የጎደለው ስንብቱ ነው። ጸሐፊው ስትሪሙን ክሎዝ ካላደረገ (ካልዘጋ) ፓይፑ ማለቁን አያውቅም። የሚያየው የመጨረሻው የጻፈ ትሬድ በሕይወት መኖሩን ነው። ያ ትሬድ ሞቶ፣ ፓይፑም ሳይዘጋ ሲቀር፣ አንባቢው የፋይል መጨረሻ ምልክት የሆነውን -1 በመቀበል ፋንታ ኤክሴፕሽን፣ ማለትም የስህተት ማስታወቂያ፣ ያገኛል።

በጸሐፊው ትሬድ ውስጥ ስትሪሙን በትራይ-ዊዝ-ሪሶርስስ ክፈቱት፤ ከጃቫ 7 ጀምሮ አለ። ሥራው ቢሳካም ባይሳካም ይዘጋላችኋል።

የባሰው ትሬድ ፑል ስትጠቀሙ ነው። እዚያ ሥራው ያልቃል እንጂ ትሬዱ አይሞትም፣ ለሚቀጥለው ሥራ ይቀመጣል። ስለዚህ ስህተትም አይመጣም። አንባቢው ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ ፕሮግራሙም አይዘጋም። የስህተት መልእክት ከዚህ ይሻል ነበር። መፍትሄው ያው ክሎዝ ነው፤ ፑል ካለ ጭራሽ መዘንጋት የለበትም።

«ሪድ ኤንድ ዴድ» ካያችሁ ደግሞ ጥፋቱን ጸሐፊው ላይ አትፈልጉ። ቀድሞ የሞተው አንባቢው ነው። ሎጉን ወደ ላይ ሂዱና የአንባቢውን ኤክሴፕሽን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ፊደል ገብቶ የወደቀ ይሆናል።

«ጣርማበር» ተሰብሮ ይመጣል

አብዛኛው ጽሑፍ ደህና ነው፤ አልፎ አልፎ ግን አንድ የቦታ ስም «ጣር���በር» ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ አልተበላሸም። ባይቶቹን በአሬይ እያነበባችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ወደ ስትሪንግ ስለቀየራችሁ ነው። ንባቡ «ማ» መሀል ላይ ሲቆረጥ አንዱ ባይት ወዲህ፣ ሁለቱ ወዲያ ይቀራሉ። ለብቻቸው ፊደል መሆን ስለማይችሉ ሦስቱም የተበላሸ ምልክት ይሆናሉ። ፓይፕ አንድ ጊዜ ሲነበብ በፈሩ ውስጥ የተገኘውን ብቻ ስለሚሰጥ የሚቆረጥበት ቦታ በየጊዜው ይለያያል። ለዚህም ነው ዛሬ ጣርማበር፣ ነገ አንኮበር የሚሰበረው።

ፓይፑን በኢንፑትስትሪምሪደር ጠቅልሉት፣ ዩቲኤፍ-8 መሆኑንም ንገሩት። የተቆረጠውን ባይት ይዞ ቀሪው እስኪመጣ ይጠብቃል። ጽሑፍ ብቻ የምታስተላልፉ ከሆነ ፓይፕድሪደር እና ፓይፕድራይተር አሉላችሁ፤ እነሱ በፊደል እንጂ በባይት አይሠሩም።

ሁሉም ፊደል የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከጃቫ 18 በፊት ካርሴት (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን ስልት) ካልጠቀሳችሁ የኮምፒውተሩን ነው የሚወስደው፣ በብዙ ዊንዶውስ ላይ ያለው ደግሞ ግዕዝን አያውቅም። በሁለቱም ጫፍ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ጻፉ።

ሌሎች ሁለት የስህተት መልእክቶችም አሉ፦ «ፓይፕ ኖት ኮኔክትድ» ሁለቱን ጫፎች ሳታገናኙ መጀመራችሁን፣ «ኦልሬዲ ኮኔክትድ» ሁለት ጊዜ ማገናኘታችሁን ይናገራል። በኮንስትራክተሩ ካገናኛችሁ ኮኔክትን እንደገና አትጥሩ።

ፕሮግራሙ ቆሞ የቱ ጋ እንደሆነ ካጣችሁ ገምታችሁ ኮድ አትቀይሩ። ከጃቫ ጋር በሚመጣው የጄፒኤስ (jps) ትእዛዝ የፕሮሰሱን ቁጥር አውጡ፣ ከዚያ ጄስታክን (jstack) በዚያ ቁጥር ጥሩት። የእያንዳንዱን ትሬድ ሁኔታ ይዘረዝራል። «አዌይትስፔስ» (ፓይፑ ቦታ የሚጠብቅበት ሜተድ) ላይ የቆመ ትሬድ ካለ በፈሩ ሞልቷል፣ የሚያነብ ጠፍቷል። የፓይፑ ሪድ ላይ የቆመ ካለ ደግሞ ወይ ጸሐፊው ፍለሽ አላደረገም፣ ወይ አልዘጋም።

የምታስተላልፉት ባይት ሳይሆን ሙሉ መዝገብ ከሆነ፣ ለምሳሌ የገበያው ስምና ዋጋ በአንድ ኦብጀክት፣ ፓይፑን ተዉትና አሬይብሎኪንግኪው የሚባለውን የኦብጀክት ወረፋ ውሰዱ። ከጃቫ 5 ጀምሮ አለ፣ ሲሞላም ሲጎድልም ራሱ ያስጠብቃል። ፊደል አይሰበርም፣ ፍለሽም የለም። መጨረሻውን ግን እዚህም ራሳችሁ መንገር አለባችሁ፦ ከመዝገቦቹ በኋላ «አልቋል» የሚል አንድ የተለየ ኦብጀክት ላኩ፤ ብዙ አንባቢ ካለ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ።