ገንዘባችሁን የበለጠ እርካታ እንዲሰጣችሁ አድርጎ ማከፋፈል እንዴት ይቻላል?

ኢኮኖሚክስ የጀመረ ሰው "ዩቲሊቲ" የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል። ቃሉ አንድን ነገር ስንጠቀም የምናገኘውን እርካታ ያመለክታል። ነገሩ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ሲጋራ ጤና ይጎዳል፤ ለሚያጨሰው ሰው ግን ዩቲሊቲ አለው።

መጀመሪያ ዋጋን እርሱት። ፊልም ማየትና መጽሐፍ በነጻ ቢቀርቡላችሁ፣ 4 ፊልም ከ2 መጽሐፍ ጋር ይሻላችኋል ወይስ 3 ፊልም ከ4 መጽሐፍ ጋር? "እኩል ናቸው" ማለትም ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የሚወደውን ነገር ኪሱ ከሚችለው ጋር ያደባልቃል።

ቀጥሎ ምርጫችሁ እርስ በርሱ እንዳይጣረስ እዩ። ፊልምን ከመጽሐፍ፣ መጽሐፍን ከሙዚቃ ካስበለጣችሁ ፊልምን ከሙዚቃም ማስበለጥ አለባችሁ። አለዚያ አንድ ነጋዴ በየዙሩ ትንሽ እያስጨመረ ሲያለዋውጣችሁ ቆይቶ መጀመሪያ የያዛችሁትን ዕቃ መልሶ ያስታቅፋችኋል፤ ገንዘባችሁ ግን የለም።

አሁን ወረቀት አውጡና እያንዳንዱ ተጨማሪ ነገር የሚጨምርላችሁን እርካታ በቁጥር ጻፉ። ለፊልም 20፣ 16፣ 12፣ 8 እንበል። ለመጽሐፍ ደግሞ 10፣ 8፣ 7፣ 6፣ 4፣ 3። ቁጥሩ እየቀነሰ የሚሄደው ያው ነገር ሲደጋገም ስለምንጠግብ ነው። ይህን በ1854 በግልጽ የጻፈው ጀርመናዊው ሄርማን ጎሰን ነበር፤ በዘመኑ ግን ሰሚ አላገኘም። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ቀጣዩም እርምጃ የእሱ ነው።

ያላችሁ ገንዘብ 10 ይሁን፤ የፊልም ዋጋ 2፣ የመጽሐፍ 1። እርካታውን ለዋጋው አካፍሉ። ፊልም 10፣ 8፣ 6፣ 4 ይሆናል፤ መጽሐፍ እንዳለ ይቀራል። ከዚያ ትልቁን ቁጥር እያስቀደማችሁ ግዙ። ገንዘቡ የሚያልቀው 3 ፊልምና 4 መጽሐፍ ላይ ነው። የሁለቱም የመጨረሻ ቁጥር 6 ሆኖ ተገናኘ፣ ጠቅላላው እርካታ 79። አንድ ፊልም ጨምራችሁ 2 መጽሐፍ ብትተዉ 74 ይሆናል። በተቃራኒው ብታደርጉትም 74! ስለዚህ "የቱን ነው የምወደው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ወሳኙ የመጨረሻዋ ገንዘብ የት ብትውል ይሻላል የሚለው ነው።

"እርካታ እንዴት በቁጥር ይለካል?" ካላችሁ ልክ ናችሁ። 80 እርካታ ከ40 እርካታ ሁለት እጥፍ ደስታ ይሰጣል ማለት አይቻልም። ጣሊያናዊው ቪልፍሬዶ ፓሬቶ በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ የምርጫችን ቅደም ተከተል (የቱ ከየቱ እንደሚበልጥብን) ብቻ እንደሚበቃ አሳየ። ያለ ቁጥር ለመሥራት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ አንድ ፊልም ለማግኘት ስንት መጽሐፍ ብተው አይቆጨኝም? መልሳችሁ 3 ከሆነ ፊልም ጨምሩ፤ ገበያው የሚጠይቃችሁ 2 ብቻ ነውና። መልሳችሁ 1 ከሆነ መጽሐፍ ጨምሩ። 2 ላይ ስትደርሱ አቁሙ።