ጎኩ ይበልጣል ወይስ ቬጌታ? ክርክሩን የሚያበላሹ ስህተቶች

የታናሽ ወንድሜን የሂሳብ ደብተር ከኋላ በኩል የከፈተ ሰው ሌላ ሂሳብ ያገኛል። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ሰንጠረዥ ነው፦ ገበሬው 5፣ ማስተር ሮሺ 139፣ ጎኩ 334፣ ፍሪዛ 530,000፣ ሱፐር ሳያን ጎኩ 150,000,000። «ድራጎን ቦል» የሚባለው የጃፓን ማንጋ (የሥዕል ታሪክ) ተዋጊዎች ፓወር ሌቭል፣ ማለትም የኃይላቸው ልክ፣ መሆኑ ነው። ጎኩ ዋናው ጀግና ነው፣ ቬጌታ ተቀናቃኙ፣ ሱፐር ሳያን ደግሞ ኃይላቸው እጅግ የሚያድግበት መልክ። ሲያዩት ያምራል። ጣጣው የሚመጣው ክርክር ሲነሳ ነው። «ቁጥሩ ይኸው አይደል እንዴ!» ብሎ ደብተሩን ይዘረጋል፣ ሌላ ቃል አይሰማም። በሱ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ከታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች ውስጥ ያልሠራሁት የለም።

ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር መስጠት

ስካውተር የምትባለዋን፣ ዓይን ላይ የምትደረገዋን መለኪያ፣ ወደ ምድር ይዞ የመጣው የጠፈሩ ተዋጊ ራዲትዝ ነው። እንዳረፈ የለካው ጠመንጃ የደገነበትን ገበሬ ነበር፤ 5 አለች። በኋላ ጎኩና ጠላቱ የነበረው ፒኮሎ አብረው ሲገጥሙት ጎኩ 334፣ ፒኮሎ 322 ወጣላቸው። ሁለቱም የለበሱትን ከባድ የልምምድ ልብስ አውልቀው ሲጥሉ 416 እና 408 ሆኑ። ጎኩ ካሜሃሜሃ የተባለውን የኃይል ጨረር ሊለቅ ኃይሉን ሲሰበስብ ደግሞ 924 ደረሰ። ይህ ሁሉ በአንድ ውጊያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ወንድሜ «ጎኩ 334 ነው» ብሎ ሲጽፍ የትኛውን ጎኩ ማለቱ ነው? ከባዱን ልብስ ሳያወልቅ የቆመውን።

ስካውተሯ የምታነበው ሰውየው በዚያች ቅጽበት ያወጣውን እንጂ በሆዱ የያዘውን አይደለም። ጎኩ ናሜክ በተባለችው ፕላኔት ላይ የክፉውን የፍሪዛን ምርጥ ተዋጊዎች፣ የጊንዩን ጭፍራ፣ ሲጋፈጥ 5,000 ብቻ ታየበት፤ ያንን ግዙፍ ሪኩምን ግን በአንድ ምት ዘረረው። ትራንክስ ከወደፊቱ ዘመን መጥቶ ፍሪዛ ፊት ሲቆም የወታደሮቹ መለኪያ 5 አነበበች። የገበሬው ቁጥር! ከዚያ በኋላ ፍሪዛን በሰይፍ እንዴት እንደከታተፈው ያነበበ ያውቀዋል።

ከሁሉም ግን እኔ የማልጠግበው የካፒቴን ጊንዩን ነው። በገዛ አፉ 120,000 ነኝ ያለ ሰው ነው። ጎኩ ካዮኬን በተባለው ኃይል ማባዣ ስልት 180,000 ሲደርስበት አየና ጎመጀ። የራሱን ደረት በእጁ ወጋ፣ ወዲያው ገላውን ከጎኩ ጋር ቀየረ፤ የቆሰለውን ለጎኩ ትቶ ጤነኛውን ወሰደ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «እስቲ ለካኝ» አለው ጓዱን ጂስን። 23,000! ገላው ያው የጎኩ ነው፤ ክንዱም እግሩም ያው ነው። ነገር ግን መንፈሱና ገላው ስላልተስማሙ አዲሱ ባለቤት ሊያዝበት አልቻለም። ይህን ገጽ ለወንድሜ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ጊንዩን የት ልጻፈው ታዲያ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ቁጥሩን እንደ ኪሎ መመዘን

50 ኪሎ ጤፍ የ25 ኪሎው እጥፍ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ፓወር ሌቭል ግን እንዲህ አይሠራም። የጎኩን አስተማሪ ማስተር ሮሺን ተመልከቱ፦ 139 ነው። ይኸው ሽማግሌ ከዓመታት በፊት፣ ጃኪ ቹን ነኝ ብሎ በውድድር ላይ ሲገጥም፣ ጨረቃን በካሜሃሜሃ ድምጥማጧን አጥፍቷታል። በቁጥር እነ ሮሺን አጠገቡ የማያስደርሰው የቬጌታ ጓድ ናፓ ደግሞ ምድር ሲደርስ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ያወደመው አንድ ከተማ ነው። በደብተሩ ስሌት ብንሄድ ናፓ በማስነጠስ ብቻ ፀሐይን ማጥፋት ነበረበት።

ሮሺ ጨረቃዋን የመታት ጎኩ ሙሉ ጨረቃ አይቶ ግዙፍ ዝንጀሮ ስለሆነ፣ እሱን መመለሻ ሌላ መላ ስለጠፋ ነው። ቆይቶ ፒኮሎም ለጎኩ ልጅ ለትንሹ ጎሃን ሲል ያንኑ አድርጓል። የወደመው ነገር ስፋት የሚነግረን ጸሐፊው አኪራ ቶሪያማ በዚያ ምዕራፍ ምን እንዳስፈለገው ነው። «እገሌ ተራራ አፈረሰ፣ እገሌ ግን ሕንጻ ብቻ» ብሎ ማወዳደር ለዚህ ነው ብዙ የማያራምደው።

ምንጭ ማደባለቅ

የወንድሜ 150,000,000 ከማንጋው የተገኘ አይደለም። ስለ ማንጋው ከወጣ መዘርዝር መጽሐፍ የመጣ ነው። በማንጋው ፍሪዛ ሁለተኛ መልኩን ሲይዝ ኃይሉ ከሚሊዮን እንደሚያልፍ ራሱ ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። ቬጌታ የጎኩን ኃይል አንብቦ የጮኸው ዝነኛው «ከ9,000 በላይ!» የሚለው ጩኸትም ከአኒሜው (ከተንቀሳቃሽ ሥዕሉ) የእንግሊዝኛ ቅጂ የወጣ ነው፤ በጃፓንኛው 8,000 ነው። ስንት ሰው በዚህ ሺህ ልዩነት ሲኳረፍ አይቻለሁ።

ማንጋው ከ1984 እስከ 1995 የወጣ፣ በ42 ቅጽ የተሰበሰበ 519 ምዕራፍ ነው። አኒሜው ማንጋው ላይ እንዳይደርስበት እየዘረጋጋ የጨመረው አለ፣ ፊልሞቹ አሉ፣ ቀጣዩ ታሪክ «ድራጎን ቦል ሱፐር» አለ። የሱፐር ማንጋና አኒሜ ደግሞ እርስ በርስ እንኳ አይገጥሙም። መጀመሪያ «በየቱ ነው የምንከራከረው?» ተባብሎ መስማማት ነው። እኔ ከዚህ በታች በ42ቱ ቅጽ ብቻ እሄዳለሁ።

«አሸነፈው» ብሎ ማለፍ

«ጎኩ ቬጌታን ምድር ላይ አሸንፎታል፣ አለቀ።» ይህን ስንት ጊዜ ሰማችሁ? እስቲ ውጊያውን ቀስ ብለን እንመልከተው። ጎኩ በካዮኬን ሁለት እጥፍ አልበቃውም፣ ሦስት እጥፍ አደረገውና ቬጌታን አርበደበደው፣ በአራት እጥፍ ደግሞ ጨረሩን ወደ ራሱ መለሰበት። እስከዚህ ጎኩ ነው። ቀጥሎ ቬጌታ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ፈጥሮ ግዙፍ ዝንጀሮ ሆነ፤ ኃይሉ አሥር እጥፍ አደገ፣ ጎኩን እንደ ጨርቅ አሸው። የጎኩ ወገን የሆነው ያጂሮቤ ከኋላ ተደብቆ ጅራቱን በሰይፍ ቆርጦ ወደ ቀድሞ መልኩ ባይመልሰው ታሪኩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ጎኩ የሰበሰበውን የመንፈስ ኳስ (የተጠራቀመ የኃይል ኳስ) የወረወረው ጓደኛው ክሪሊን ነው፣ አንጥሮ የመለሰው ጎሃን ነው። በመጨረሻም ዝንጀሮ የሆነው ጎሃን ነው ላዩ ላይ የወደቀበት። ቬጌታ እየተሳበ ወደ መርከቡ ሲሄድ ጎኩ ከመሬት መነሳት እንኳ አይችልም ነበር። ይህ የአራት ሰው ድል ነው፤ ከአራቱም ላይ ሰይፉን ጨምሩበት።

ሁለተኛው ግጥሚያቸው፣ ቬጌታ በጠንቋዩ በባቢዲ አስማት ተይዞ ግንባሩ ላይ «ኤም» የታተመበት ጊዜ፣ እኩል ለእኩል ይመስላል። ቆይቶ ግን ጎኩ ሱፐር ሳያን ሦስት የተባለውን ከፍ ያለ መልኩን ደብቆ እንደነበር ይታወቃል። በላዩ ላይ ቬጌታ ከኋላ መትቶ አስተኝቶት ሄዷል። አንዱ አቅሙን ደብቋል፣ ሌላው አዘናግቶ መትቷል፤ ከዚህ ምን ውጤት ይመዘገባል? ጎኩ ቬጌታን አንድ ለአንድ ገጥሞ በንጹሕ ያሸነፈበት ገጽ በ42ቱ ቅጽ ውስጥ የለም።

በሰንሰለት ማሰብ

ቡና ጊዮርጊስን ቢረታ፣ ጊዮርጊስ ደግሞ መቻልን ቢረታ፣ ቡና መቻልን ይረታል ብሎ ገንዘቡን የሚያስይዝ አለ? ማንጋ ላይ ግን ሁላችንም እንዲህ እናስባለን። «ዋን ፒስ» ከተባለው ሌላ ማንጋ ኤኔልን አስቡ፦ መብረቅ ነው፣ የዋናውን ጀግና የሉፊን ጓድ ዞሮን ጨምሮ ያልጣለው የለም። ሉፊ ሲመጣ ግን ላስቲክ ሆነበት፤ መብረቅ ላስቲክን ምን ያደርገዋል? ሉፊ በዚያ ቀን ከዞሮ በሰማይና በምድር ልዩነት በልጦ አይደለም፤ የገላው ነገር ገጥሞለት ነው።

«ድራጎን ቦል» ውስጥም የክሪሊን ኪየንዛን አለ። ከኃይል የተሠራች ቀጭን ዲስክ ናት፣ ትቆርጣለች። ናፓ ሊቀበላት ሲል ቬጌታ ሽሽ ብሎ የጮኸበት ያለ ነገር አይደለም፤ ጉንጩን ነክታው አለፈች። የፍሪዛንም ጅራት ቆርጣለች፣ ያውም በሚሊዮን የሚቆጠር ኃይል ይዞ። ጉልዶ ደግሞ በጊንዩ ጭፍራ ውስጥ ደካማው ሆኖ ሳለ ትንፋሹን ይዞ ጊዜን ያቆማል።

ከአንድ ማንጋ ወደ ሌላ መሻገርማ ባይነሳ ይሻላል። የ«ዋን ፒስ» የራስ ዋጋ (ተፈላጊን ለያዘ የሚከፈለው ገንዘብ) ሰውየው ለዓለም መንግሥት ምን ያህል እንደሚያሰጋ እንጂ ጡንቻውን አይለካም፤ ኒኮ ሮቢን በ8 ዓመቷ 79 ሚሊዮን ተጥሎባት ነበር።

ፉከራን እንደ ምስክርነት መቁጠር

ፎካሪ ስንት እንደጣለ ሲቆጥር ሬሳ ቆጥሮ የሚያረጋግጥ አድማጭ የለም። የቬጌታን ንግግርም በዚህ ጆሮ ነው መስማት። ፍሪዛ የመጨረሻ መልኩን በያዘ ጊዜ ቬጌታ ሱፐር ሳያን ሆኛለሁ ብሎ ደነፋ። ብዙም ሳይቆይ ተደብድቦ፣ እያለቀሰ ሞተ። ከዚህ ንግግር ቀድቶ ፓወር ሌቭል የሚያሰላ ሰው አጋጥሞኛል።

ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር ግን ሚዛኑ ይለወጣል። በማንጋው የመጨረሻ ጠላት በቡው ላይ በተደረገው የመጨረሻ ውጊያ፣ ጎኩ ሲዋጋ ቬጌታ ዳር ቆሞ እያየ፣ ማንም ሳይጠይቀው አንደኛው ጎኩ መሆኑን በልቡ ያምናል። ዕድሜ ልኩን ያንን ቃል ላለማለት የኖረ ሰው ነው። ለኔ ከደብተሩ ቁጥር ሁሉ ይህ ገጽ ይበልጥብኛል፤ ጎኩ ይበልጣል የምለውም በዚሁ ነው። ወንድሜ ግን እስካሁን አልተቀበለኝም። ቬጌታ ያን ጊዜ ደክሞት ነው ይላል።