በቦርዶ ወይን ጠጅ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከፈረንሳይ የመጣ እንግዳ ለአባቴ አንድ ጠርሙስ የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ ይዞላቸው መጣ። አባቴም ሳሎን ካለው ቡፌ ላይ፣ የከሰዓት ፀሐይ ከምታርፍበት ቦታ፣ ከሠርጋቸው ፎቶግራፍ አጠገብ አቆሙት። «ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» እያሉ 11 ዓመት ጠበቁት። እህቴን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ሲከፈት፣ ቡሹ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ ግማሹ ውስጥ ገባ። የተቀዳው ኮምጣጤ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጨዋዎች ስለነበሩ አንድ አንድ ጊዜ ፉት ብለው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ቦርዶ ሁሉ ለዘመናት ይቆያል ብሎ ማመን። አሥርት ዓመታት የሚሻገሩት ጥቂቶቹ ውዶች ናቸው። በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጠው አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ማቆየት ግድ ከሆነ ጠርሙሱን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ማጋደም ያስፈልጋል፤ ወይኑ ያልነካው ቡሽ ይደርቅና አየር ያስገባል።

ሁለተኛው የእኛው ብቻ ስህተት ነው፤ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማንበብ። ጠርሙሱ ላይ 2016 ከተጻፈ፣ ፍሬው የተለቀመው በእኛ መስከረምና ጥቅምት 2009 ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ ለጌጥ አልተጻፈም። ቦርዶ ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ቅርብ በመሆኑ ዝናቡም ብርዱም አይታመንም። 2016 ከምርጦቹ አንዱ ሲሆን፣ 2013 ብርድና ዝናብ ያበላሸው ዓመት ነበር። በየካቲት 1956 የወረደው ውርጭማ የወይን ተክሉን ራሱን በብዛት ገድሎታል።

ቦርዶን የአንድ ወይን ዘር ስም አድርጎ መውሰድም የተለመደ ነው። ቦርዶ በፈረንሳይ ያለ የወይን አገር ነው፤ የሚጠጣውም የተለያዩ የወይን ዘሮች ቅልቅል። ከጋሮን ወንዝና ከዢሮንድ አፈ ወንዝ በስተግራ፣ በሜዶክ፣ መሬቱ ጠጠር ነው፤ ውኃ አያቁርም፣ ሙቀት ይይዛል፣ ዘግይቶ ለሚበስለው የካበርኔ ሶቪኞን ዘር ይስማማዋል። በስተቀኝ፣ በሳንቴሚልዮንና በፖምሮል፣ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ይበዛል፤ እዚያ የሚነግሠው ሜርሎ የሚባለው ዘር ነው። ሜርሎ ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ የፀደይ ውርጭ ያገኘዋል፤ ካበርኔ ዘግይቶ ስለሚለቀም የመኸር ዝናብ ይደርስበታል። ሁለት ዓይነት እህል ዘርቶ አንዱ ሲከዳው በሌላው እንደሚያድር ገበሬ፣ የቦርዶ ሰውም መደባለቅን የተማረው ከሰማዩ ነው።

ገንዘብ የሚያስበላው ግን የጠርሙሱን ጽሑፍ በስሜት ማንበብ ነው። «ሻቶ» ቤተ መንግሥት ማለት ቢሆንም፣ እዚህ የወይን እርሻ መጠሪያ ነው፤ ከኋላው ተራ የገበሬ ቤት ሊኖር ይችላል። «ሳንቴሚልዮን ግራን ክሩ» የሚል ጽሑፍ የማዕረግ ምስክር ይመስላል፤ ሆኖም ወይኑ የተመረተበትን ቦታ የሚናገር ስያሜ ነው። ማዕረጉ «ክላሴ» (ደረጃ የወጣለት) የምትለው ቃል ስትጨመር ነው የሚመጣው። የ1855ቱን ዝርዝር እንደ ቃለ መሐላ የሚጠቅሱም አሉ። ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ዐውደ ርእይ ያስወጡት፣ ደላሎች የሜዶክን ቀይ ወይኖች በገበያ ዋጋቸው በአምስት ደረጃ የደረደሩበት ነው፤ ከሜዶክ ውጭ የገባው ቀይ የግራቩ ሻቶ ኦብሪዮን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ወደ አንደኛው ደረጃ ከማደጉ በቀር ብዙም አልተነካም። ፖምሮል ግን እስከ ዛሬ ደረጃ የለውም። ከዓለም ውድ ወይኖች አንዱ የሆነው የዚያው የፖምሮል ፔትሩስ ማዕረግም፣ «ሻቶ» የሚል ቃልም ሳይኖርበት ይሸጣል። እኔ ይህ ያስደስተኛል።

የሶተርንን ወይን፣ ማለትም የቦርዶን ጣፋጭ ነጭ ወይን፣ ቀለሙ ወርቃማ፣ ታሪኩም ሻጋታ ነው ብሎ መተው ትልቅ ኪሳራ ነው። የሲሮን ወንዝ ቀዝቃዛ ውኃ ከጋሮን ሲገናኝ የመኸር ጭጋግ ይነሣል፤ በጭጋጉ የሚበቅለው ሻጋታ ፍሬውን እያጨማደደ ስኳሩን ያጠራቅመዋል። በሶተርኑ እርሻ በሻቶ ዲኬም አንድ የወይን ግንድ የሚሰጠው አንድ ብርጭቆ ያህል ነው ይባላል።

የዝዋይን ወይን «ቦርዶ» ብሎ መጥራትም ልክ አይደለም። የቦርዶው የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል ዝዋይ ላይ ሜርሎና ካበርኔ ተክሏል፤ ጠርሙሱም በ2014 ገበያ ወጥቷል። ስሙ ግን ቦርዶ ያለበት የዢሮንድ ክፍለ ሀገር እርሻዎች ብቻ ነው።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ፣ ለጋ ካበርኔን ከዶሮ ወጥ ጋር ማቅረብ በርበሬውን ያስቆጣዋል፤ አፍ የሚያኮማትረው ታኒን የሚበርደው በሥጋና በስብ ስለሆነ ለጥብስ ይሻላል። «በክፍል ሙቀት» የሚባለውም የቀዝቃዛ አገር ቤት ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፤ ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባው። በለስላሳ ስለሚበርዙት ዝም ብያለሁ።

ያረጀ ጠርሙስ ሥር ያለውን አተላ አይቶ ወይኑን መድፋትም አይገባም። ቀለምና የወይን ጨው ዘቅጦ ነው። ከመክፈትዎ አንድ ቀን በፊት ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ከዚያ ጠላ ከጋን እንደሚቀዳ፣ ሳያናውጡ ቀስ ብለው ይቅዱትና አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ መቅዳቱን ይተዉ።