ከኮምቦልቻ ተነስቶ ቢዝነስ ክላስ ላይ ለመተኛት፦ በማይል አፕግሬድ ሲደረግ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ውጭ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። አንዷ ዱባይ ትሠራለች፣ አንዱ ዋሽንግተን ይኖራል፣ እናት ልጇን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ጉዞ ማይል፣ ማለትም አየር መንገዱ ለተጓዡ የሚመዘግብለትና በኋላ ለቲኬት ወይም ለተሻለ ወንበር የሚያገለግል ነጥብ ያስገኛል፤ ማይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የትም ሳይመዘገብ ይቀራል፣ ወይም ተመዝግቦ ቀኑ ያልፍበታል። ከሚጠቀሙበት መካከልም ብዙዎቹ አፕግሬድን፣ ማለትም ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ ክላስ ማደግን፣ ቦሌ መስኮቱ ላይ ቆመው የሚጠይቁት ነገር ያደርጉታል። ጉዳዩ የሚያልቀው ግን ቲኬቱ በተገዛበት ቀን ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ከዚያ ቀን የሚጀምሩ ናቸው።

ማይሉን በማይገናኙ መዝገቦች መበተን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል መዝገብ ሼባማይልስ ይባላል። አየር መንገዱ ከ2011 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ጥምረት አባል ስለሆነ በተርኪሽ፣ በኢጅፕትኤር፣ በሉፍታንዛ ወይም በዩናይትድ የበረረ ሰውም ማይሉን ወደ ሼባማይልስ ማስገባት ይችላል። ኤምሬትስ ግን በየትኛውም ጥምረት ውስጥ የለም፤ ኳታር የዋንወርልድ፣ ሳውዲያ የስካይቲም አባል ናቸው፤ ሦስቱም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። ወደ ገልፍ በየጊዜው ርካሽ ባገኘው አየር መንገድ የሚመላለስ ሰው አራት ቦታ ጥቂት ጥቂት ማይል ይዞ ይቀራል፤ አንዱም ለአፕግሬድ አይበቃም። ዋጋው ከተቀራረበ አንዱን ጥምረት ይዞ መቆየት ያዋጣል። አንድ በረራ የሚመዘገበው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለት ቁጥር ሰጥቶ ከሁለቱም መሰብሰብ የለም።

ቲኬቱን ኤጀንሲ ወይም አሠሪ ቢከፍለውም ማይሉ የተጓዡ ነው። በሥራ ውል የሚሄዱ እህቶቻችን ይህን ብዙ ጊዜ አይሰሙም። ከጉዞው በፊት መመዝገብ፣ ቁጥሩን ቢያንስ ቼክ ኢን ላይ መስጠት፣ ቦርዲንግ ፓሱን ደግሞ ማይሉ መዝገብ ላይ እስኪታይ ድረስ አለመጣል ነው። ማይል ጎድሎ ሲገኝ ለመጠየቅ የሚያስፈልገው 13 አሃዝ ያለው የቲኬት ቁጥር ነው፤ በኢትዮጵያ የተቆረጠ ቲኬት በ071 ይጀምራል፣ የተርኪሹ በ235፣ የኢጅፕትኤሩ በ077።

ስሙ አለመግጠሙ

ይህ እኛ ዘንድ ከሌላው ቦታ ይበዛል። መሐመድን በላቲን ፊደል አንዱ በ“ኦ”፣ ሌላው በ“ዩ” ይጽፈዋል፤ “ኤም”ን አንዱ ይደግማታል፣ ሌላው ይተዋታል። ሰይድ፣ ይማም፣ ሁሴን፣ ፋጡማም ያው ናቸው። ፓስፖርቱ እስከ አያት ስም ይዞ፣ የማይል መዝገቡ ደግሞ ስምና የአባት ስም ብቻ ከያዘ፣ ሲስተሙ ሁለት ሰው አድርጎ ያያችኋል፤ ማይሉም አይገባም። አፕግሬድ ሊደረግ ሲል ይህ ከታወቀማ ማስተካከያው ቀናት ስለሚወስድ ወንበሩ ሌላ ሰው ጋ ይሄዳል። መዝገቡን ስትከፍቱ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጡና ፊደል በፊደል ገልብጡት። በአፍ ለቲኬት ሻጭ መንገር አይበቃም።

ርካሹን ቲኬት ገዝቶ ማይሉን መተማመን

የስህተቶቹ ሁሉ አውራ ይህ ነው። ኢኮኖሚ ክላስ አንድ ብቻ ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ የዋጋ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ በአንድ የላቲን ፊደል ይታወቃል። ፊደሉ ቲኬቱ ላይ ከበረራ ቁጥሩ አጠገብ “ክላስ” በሚለው ቦታ ተጽፏል። “ዋይ” እና “ቢ” ሙሉ ዋጋ የተከፈለባቸው ናቸው። ወደታች በወረደ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፣ የሚያስገኘውም ማይል አብሮ ይቀንሳል፤ ከታች ያሉት ፊደሎች ደግሞ በማይል ለማሳደግ ጨርሶ አይፈቅዱም። በቡድን የተገዛ የዑምራ ቲኬት፣ የማስተዋወቂያ ቅናሽ ቲኬትና ራሱ በማይል የተቆረጠ ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ የተከለከለው ጎራ ውስጥ ይወድቃሉ። በሌላ የስታር አሊያንስ አየር መንገድ ላይ የሼባማይልስ ማይል ተጠቅሞ ማሳደግ የሚፈልግ ሰውማ ጥብቅ ነው የሚሆንበት፤ ከሙሉ ዋጋ ቲኬት በታች እሺ የሚሉት ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ ቲኬት ቢሮ ስትገቡ “ስንት ነው?” ብሎ መጀመር አይጠቅምም። ጥያቄው “በማይል አፕግሬድ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ክላስ የትኛው ነው፣ ዋጋውስ?” ነው። ሻጩ ፊደሉን ካልነገራችሁ አትክፈሉ።

አንድ ሌላ ወጥመድ እዚሁ አለ። አንድ አውሮፕላን በሁለት አየር መንገድ ቁጥር ይሸጣል። ለምሳሌ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚነሳው በረራ 500 የኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ወንበር ሌላ አጋር አየር መንገድ በራሱ የበረራ ቁጥር ሊሸጠው ይችላል። በስታር አሊያንስ አፕግሬድ የሚሠራው የሚያበረው አየር መንገድና በቲኬቱ ላይ ያለው ቁጥር የአንድ ድርጅት ሲሆኑ ነው። ውጭ ያለ ልጅ በኢንተርኔት ለእናቱ ቲኬት ሲቆርጥ ይህን ሳያይ ያልፋል፣ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

ሒሳቡን በግማሽ መሥራት

ብዙ ሰው የቢዝነሱን ዋጋ አይቶ “ይህን ሁሉ አተረፍኩ” ይላል። በተቀራራቢ ቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ብቻ ናቸው። ርካሹ ኢኮኖሚ 1,100 ዶላር፣ አፕግሬድ የሚፈቅደው ኢኮኖሚ 1,500፣ ቢዝነሱ 3,200፣ የሚጠየቀው ማይል 50,000 ነው እንበል። ማይሉ የተካው 3,200 ሲቀነስ 1,500 ማለትም 1,700 ዶላር ነው፤ ለ50,000 ሲካፈል አንዱ ማይል 3.4 የአሜሪካ ሳንቲም አወጣ፣ ጥሩ ነው። ግን አፕግሬድ ባይኖር የምትገዙት ያንን ርካሹን ከነበረ፣ ለወንበሩ ከኪሳችሁ 400 ዶላር ጨምራችኋል ማለት ነው። ይህን 400 ያልቆጠረ ሰው ማይሉን “በነፃ” ተጠቀምኩበት ብሎ ራሱን ያታልላል። አሁን የዱባዩን አስሉ፦ የሚፈቅደው ክላስ 550፣ ቢዝነሱ 900፣ ማይሉ 20,000። ትርፉ 350 ዶላር፣ አንዱ ማይል 1.75 ሳንቲም። አራት ሰዓት ገደማ ለሚወስድ በረራ ማይሉን በግማሽ ዋጋ መሸጥ ነው።

አፕግሬድ የሚከፈለው በየበረራው መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከኮምቦልቻ ቦሌ ድረስ ላለችው አጭር በረራ አንድም ማይል አታባክኑ። ከ13 ሰዓት ለማያንሰው፣ በሌሊት ለሚሄደው፣ ሰው ጋደም ብሎ ለሚተኛበት በረራ አስቀምጡት። መሄጃውንም መመለሻውንም የሚሸፍን ማይል ከሌለ፣ ሌሊቱን የሚሸፍነውን አንዱን ምረጡ።

የአገር ውስጡን በረራ መተው

አንዱ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቲኬቱ ከኮምቦልቻ ጀምሮ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ላይ ተቆርጧል። ሊሄድ ሲል ዘመድ በመኪና እሸኝሃለሁ ይለዋል፤ በደብረ ብርሃን አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፣ የኮምቦልቻውን በረራ ዝም ብሎ ይተወዋል። ቦሌ ሲደርስ የቀረው ጉዞው ሁሉ ተሰርዟል፤ አፕግሬዱም አብሮ። ሲስተሙ የመጀመሪያውን በረራ ያልተሳፈረን ሰው እንደቀረ ነው የሚቆጥረው። በመኪና ለመሄድ ከወሰናችሁ አስቀድማችሁ ቢሮ ሂዱና ያችን በረራ ከቲኬቱ ላይ አስወጡ፤ የዋጋ ልዩነት ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ።

የኮምቦልቻውን ለብቻ፣ ዋሽንግተኑን ለብቻ መቁረጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በአየር ጠባይ የተነሳ የኮምቦልቻው ቢዘገይና ዋናው በረራ ቢያመልጥ፣ ሁለቱ ቲኬቶች ስለማይተዋወቁ ኪሳራው የናንተ ነው። አንድ ቲኬት ይሻላል፤ ካልሆነ በዋዜማው አዲስ አበባ ማደር።

ሰዓቱንና ቀኑን በኛ መቁጠር

ቲኬቱ ላይ 22:40 ማለት ከምሽቱ 4:40 ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። “ረቡዕ 00:15” ተብሎ የተጻፈው በረራ በኛ አነጋገር ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:15 ነው። ረቡዕ ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው ድፍን አንድ ቀን ዘግይቷል። የአፕግሬድ ጥያቄ የሚዘጋበት ሰዓትና የማይል ማለቂያ ቀንም የሚቆጠሩት በአውሮፓ ቀን ነው። የመዝገቡን ማለቂያ ቀን ወደኛ ቀይራችሁ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ላይ ጻፉት።

ሰው በሚበዛበት ሰሞን መጠበቅ

በማይል የሚለቀቁት የቢዝነስ ወንበሮች ጥቂት ናቸው፤ ገዢ በበዛ ጊዜ ደግሞ ቀድመው ይዘጋሉ። ለግሸን ማርያም መስከረም 21 የመጣ፣ ለገና ላሊበላ የወረደ ዲያስፖራ ሁሉ ከየበዓሉ በኋላ በአንድ ሰሞን ነው የሚመለሰው። ከገና እስከ ጥምቀት ማግስት ባለው ጊዜ አፕግሬድ ላይ ተስፋ ጥሎ ቲኬት መግዛት ሞኝነት ነው። የካቲት ይሻላል፤ ከሳምንቱም ማክሰኞና ረቡዕ። ተጠባባቂ ውስጥ ከገባችሁ ቅድሚያው ለላይኛዎቹ የአባልነት ደረጃዎች፣ ለፕላቲኒየምና ለጎልድ ነው፤ የመነሻውን ደረጃ ሰማያዊ ካርድ ይዞ በዓል ሰሞን ተራ መጠበቅ ውጤቱ የታወቀ ነው።

ሻንጣ

ወንበሩ ስላደገ ኪሎውም አደገ ብሎ በርበሬውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን መጫን። በማይል ሲያድግ የሻንጣው መብት በተገዛው ክላስ ሊቆይ ይችላል፤ ወደ አሜሪካ የኢኮኖሚው የተለመደ መጠን ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ነው። አፕግሬዱ ሲጸድቅ አዲስ የተቆረጠውን ቲኬት አስወጡና የሻንጣውን መስመር እዩ። የስታር አሊያንስ ጎልድ ካርድ ያለው ሰው በኪሎ በሚቆጠርበት መስመር 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚቆጠርበት አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል። ማይል የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ በተከፈለው ክላስ እንጂ በተቀመጡበት አይደለም።

የይለፍ ቃልን ለደላላ መስጠት

አጭር ነው፦ አትስጡ። ማይልን ለሌላ ሰው መሸጥም ሆነ ከሌላ ሰው መግዛት ደንቡ ይከለክላል፣ ሲደረስበት መዝገቡ ከነማይሉ ሊዘጋ ይችላል። በቴሌግራም “ማይል አለኝ” የሚለው ሰው የሚያቀርበው ቲኬት ቦሌ ላይ ሊሰረዝ ይችላል።

በረራው ሲቀየር ዝም ማለት

አየር መንገዱ በረራ ሲሰርዝ ወይም ቀን ሲያዛውር መንገደኛውን በተገዛው ክላስ ነው የሚያሳፍረው፤ አፕግሬዱ ተከትሎ ላይመጣ ይችላል። የለውጡ መልእክት ስልካችሁ ላይ እንደገባ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ አዲሱ በረራ ላይ አፕግሬዱ አለ ወይ፣ ከሌለስ ማይሉ መቼ ይመለሳል። አውሮፕላኑ ራሱ ከተቀየረም የወንበር ቁጥሩን ደግማችሁ እዩ፤ ኤርባስ 350-1000 ላይ ቢዝነሱ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ተብሎ ስለተደረደረ ሁሉም መተላለፊያ ያገኛል፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት በተደረደሩት ላይ ግን መስኮት ጋ የተቀመጠ ሰው ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ጎረቤቱን መሻገር አለበት።