የገጠር መሬት አያያዝና የተፈጥሮ ጥበቃ ለመማር ካሰባችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

«እንስሳ ስለምወድ ነው» ብሎ መግባት። መውደዱ ጥሩ ነው። ያለ ፍቅር ጭቃውና ብርዱ አይቻልም። ግን የሥራው ግማሽ ከሰው ጋር ነው፦ ከገበሬ፣ ከከብት አርቢ፣ ከጎብኚ። ሰው ሽሽት ጫካ የገባ ተማሪ ስብሰባው ሲበዛበት ይደነግጣል።

ጥበቃ ማለት አጥሮ መተው ነው ብሎ ማሰብ። ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በቅን ልቦና ነው የሚሠራው። በእንግሊዝ አገር «ትልቁ ሰማያዊ» የሚባል ቢራቢሮ አለ። ቁጥሩ ሲመናመን ጥፋቱ ቢራቢሮ እየያዙ በሚሰበስቡ ሰዎች ተሳበበ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አንዱ መኖሪያው ታጠረ። ሰብሳቢዎቹ ቀሩ፤ ግን የሚግጡት ከብቶችም አብረው ቀሩ። ቢራቢሮውም ከዚያ ጠፋ።

ምስጢሩን ያወቀው በ1970ዎቹ ሜዳው ላይ የሰነበተው ተመራማሪ ጄረሚ ቶማስ ነው። አባጨጓሬው የሚያድገው የአንድ ዓይነት ጉንዳን ቤት ውስጥ ነው። ጉንዳኑ ፀሐይ የሚያገኘው ሞቃት አፈር ይፈልጋል። ሣሩ ሳይጋጥ ሲረዝም አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ጉንዳኑ ይሄዳል፣ ቢራቢሮው ይከተላል። ይህ ሲታወቅ ረፍዶ ነበር፤ በ1979 ከአገሪቱ ጨርሶ ጠፋ። ዛሬ ዳግም የሚታየው ግጦሹ ተስተካክሎ፣ ዘሩ ከስዊድን መጥቶ ነው። ስለዚህ አጥር ከማሰባችሁ በፊት ቦታው እስከ ዛሬ በምን እንደቆየ ጠይቁ።

ነዋሪውን እንደ ችግር ማየት። በስዊዘርላንዷ ተርበል መንደር አንድ ሰው በበረዶው ወራት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳያወጣ ደንብ የወጣው በ1517 ነው። በራሳቸው በመንደርተኞቹ! እንዲህ ያሉ የጋራ ደንቦችን ያጠናችው ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልማለች። እረኛ ስታገኙ መጀመሪያ አዳምጡ።

ወረቀትን መናቅ። ሪፖርት፣ በጀት፣ በጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በሚያደራጅ የኮምፒውተር ሥርዓት) ካርታ መሥራት። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን አንድ ረግረግ ገንዘብ የሚያገኘው በደንብ በተጻፈ ማመልከቻ ነው።

የፓርክ ሬንጀርነትን (ጠባቂነትን) ብቻ መጠበቅ። ቦታው ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። የውኃ ተፋሰስ፣ የደን፣ የግብርና ምክር፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሥራዎችም የዚሁ ሙያ በሮች ናቸው። መጀመሪያ ላይ የጥቂት ወራት ኮንትራት ቢያጋጥማችሁ አትከፉ፤ ብዙዎች የሚገቡት በዚያው ነው።

መስክ መውጣትን እስከ ምረቃ ድረስ ማቆየት። ሣርን ከሣር፣ ወፍን በድምፁ መለየት በአንድ ሴሚስተር አይመጣም። ቅርባችሁ ያለ ትንሽ ቦታ ምረጡ፤ የወንዝ ዳር ቢሆንም ይበቃል። በየሳምንቱ ሂዱ። ቀኑን፣ አየሩን፣ ያያችሁትን በደብተር ጻፉ። ስሙን ያላወቃችሁትን ቅጠል ሳሉትና ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ዓመት ሲሞላ ምን መቼ እንደሚያብብ፣ የትኛው ወፍ መቼ እንደሚመጣ ከራሳችሁ ደብተር ታነባላችሁ።